ከደረጃው ሥር የነበረው ሰው

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ ማክሰኞ ሌሊት ይመጣል፣
ካልመጣ ለዓርብ ይባላል፣ ዓርብም አንዳንዴ ያልፋል።
የኔ ሆድ ግን ቀን አይቆጥርም፣ ተራ አይጠብቅም፣
ሰማያዊው በርሜል ሲጎድል አይቶ አያዝንም።

ሚኒባስ እነዳ ነበር፣ ከቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ።
አሁን መንገዱን የማውቀው በመጸዳጃ ቤቱ፦
የማደያው ጓሮ፣ ቁልፉ ከልጅቷ እጅ፣
ብሎኬት ማምረቻው፣ በር የለውም እንጂ፣
መስጊዱ፣ ምንም ሳይጠይቁ ያስገቡኝ።
"ወራጅ አለ!" ይል ነበር ረዳቴ ሙዘይን ፊቴን አይቶ፣
ወራጁ ሾፌሩ መሆኑን ለሰው ሳይናገር ትቶ።

መጀመሪያ ጨጓራ ነበር። እንደ ሰው ሁሉ አቃጠለኝ፣
ተልባ ጠጣሁ፣ ሎሚ ተውኩ፣ ሽሮ እንኳ ጠላኝ።
ላብራቶሪው "ባክቴሪያ አለ" ብሎ ጻፈ።
ሦስት ዓይነት ክኒን፣ ዐሥራ አራት ቀን፣
ምላሴ ላይ የዛገ ቁልፍ ጣዕም።
ጨረስኩ። "ነጻ ነህ" አሉኝ። ነጻ ወጣሁ፣
ለጎረቤት ጥሬ ቃሪያ እየበላሁ አሳየሁ።

በሰባተኛው ወር ደም አየሁ።
ለማንም አልነገርኩም። ሆድ ይፍጀው አልኩ፣
እሱም ቃሌን ሰምቶ ፈጀው፤ ዐሥራ አንድ ኪሎ ጎደልኩ።

ዶክተር ኢፍቱ በካሜራ ገብታ አንጀቴን አየች።
"የውጭ ጠላት የለም፣ የራስህ ዘበኞች ናቸው" አለች።
"ሰፈሩን በሙሉ ሌባ ነው ብለው
የገዛ ግድግዳህን ያቆስሉታል፣ ሌሊት ተነሥተው።"
"ያ ያባረርነው ባክቴሪያስ?" አልኳት፣ "እሱ ነበር ወይ የያዛቸው?"
ብዕሯን አስቀመጠች።
"የሚጠረጥሩ አሉ። እሱ ባለበት ጨጓራ
ይሄ ሕመም አነስ ብሎ ያገኙት አለ።
ሳይነኩት እንዲኖር፣ ለራሱ ጥቅም ሲል፣
ዘበኞቹን ትዕግሥት ያስተምራል፣
ትዕግሥቱም ቁልቁል ወርዶ አንጀት ይደርሳል ይላሉ።
ግን ያው እሱ ራሱ ጨጓራ ይበሳል፣ ካንሰርም ይዘራል።
ስለዚህ አትጸጸት። እርግጠኛ አይደለሁም።"
"እርግጠኛ አይደለሁም" የሚል ሐኪም
ገጥሞኝ አያውቅም። ወደድኳት።

በመልሱ፣ ከሰው ሾፌር ጀርባ ተቀምጬ፣ ትዝ አለኝ፦
ከደረጃችን ሥር የሚያድር ሰው ነበር።
ስሙን ማንም አልጠየቀው። ይጠጣል፣ ያንጎራጉራል፣ እዚያው ይሸናል።
ዘበኛችን አንጁሎ ማታ ማታ ይጨቃጨቀው ነበር፤
ዱላውን ያነሣል፣ መልሶ ያወርዳል፣
መጨረሻ ላይ ዳቦ ይካፈላሉ።
እንዲህ እንዲህ ሲል ኮቴን ከኮቴ፣
ሳልን ከሳል መለየት ለመደ።

ኮሚቴው ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ሰውየው ተነሣ።
ደረጃው በበረኪና ታጠበ፤ አንድ ሳምንት ዓይናችንን አቃጠለን።
ከዚያ ወዲህ ነው አንጁሎ ሰውና ሌባ የተምታታበት፤
ዳቦ ልትገዛ የወረደች ሕፃን ላይ ያፏጫል፣
የወይዘሮ ዘምዘምን እንግዳ እግሩን በዱላ አለው።

ዛሬ ሌሊት ደግሞ እኔን። አምስት ሰዓት፣
ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ፣ አራት ፎቅ ከፊቴ።
"ቁም! ማነህ?"
ልቆጣው ነበር። ዱላው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።
"አንጁሎ፣ እኔ ነኝ። እዚሁ ነው የምኖረው።"
ባትሪውን ቀስ ብሎ ከዓይኔ አወረደው።

ደረስኩ። ለጥቂት።
በጨለማ ተቀምጬ፣ በርሜሉ ውስጥ አንድ ጆግ ቀርቶ፣
ለውስጤ ዘበኛ ያንኑ ደገምኩለት፣ በሹክሹክታ፦
እኔ ነኝ። እዚሁ ነው የምኖረው።
የሰማኝ አይመስለኝም።
ቧንቧው ግን አንዴ አስነጠሰ፣ አየር ብቻ።
ማክሰኞ መሆኑን ረስቼው ነበር።